በባርኔጣ የተከደነ ወተት

ወንድሜ ሾርባዬን መተው የጀመረው ከግማሽ ሳህን ነው። መጀመሪያ ግማሹን ተወ፣ ቀጥሎ ከግማሽ በላይ፣ በኋላ ማንኪያውን ነክሮ እያወጣ ያታልለኝ ጀመር። "እንዴት ነው ጋሼ?" ስለው "ጥሩ ነው እታለም፣ እጅሽ ይባረክ" ይላል። ሳህኑን ሳነሳው ግን ያመጣሁትን ያህል ይከብዳል።

እኔ ደግሞ ሾርባ አታውቅም የምባል ሰው አይደለሁም። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ማብሰያ ክፍል ውስጥ፣ ሰው በሚያስገባ ድስት ሳፈላ የኖርኩ ነኝ። ሦስት መቶ ልጅ ሳህኑን ልሶ ሲመልስልኝ ያየሁ ሴትዮ፣ አንድ ወንድሜን ማብላት እንዴት ያቅተኛል?

ጋሼ ሰዓት ሠሪ ነው። መሥሪያውም መኖሪያውም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት። በመስኮቱ በኩል ጠረጴዛው፣ አንገቷ የሚታጠፍ መብራቱ፣ ግድግዳው ላይ የየራሳቸውን ሰዓት የሚቆጥሩ ደርዘን ሰዓቶች፤ ከመጋረጃው ኋላ አልጋው። ሚስቱ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል፣ ልጅ አልወለዱም። ባለፈው ዓመት ልቡን ታመመና ሐኪሙ "ይህችን ኪኒን በቀን አንዴ፣ ከምሳ በኋላ፣ ያለ ማቋረጥ" ብሎ አሰናበተን። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሾርባዬን በክዳን ዕቃ ይዤ ሃምሳ አራት ደረጃ እወጣለሁ። ጉልበቴ ይንቋቋል፣ ቢሆንም እወጣለሁ። እናታችን ገና በጠዋቱ ስለሞተችብን ያሳደገኝ እሱ ነው። እሱ ከሄደ "እታለም" ብሎ የሚጠራኝ ሰው በዚህች ምድር ላይ አይኖርም። ነገሩ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ልጆቼ፣ ከመሬት ተነስቼ ክፉ የሆንኩ እንዳይመስላችሁ።

አንድ ቀን የሾርባ ዕቃዬን ረስቼ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሼ የማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ከትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ነጭ ነገር ይበላል። መብላት ስላችሁ ዝም ብሎ መብላት አይደለም፤ የሳህኑን ግድግዳ በማንኪያው ጠርዝ እየጠረገ!

"ምንድነው እሱ?" አልኩት።

ደነገጠና ማንኪያውን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀ። የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ማንኪያ!

"ፑዲንግ ነው። የወተት።"

"ማን ሰጠህ?"

"ባርኔጣ ሰፊዋ።"

ባርኔጣ ሰፊዋ ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ከተከራየች ገና አምስት ወሯ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ነገር ጠይቀዋት ግማሹን ብቻ የምትመልስ ሴት ናት። ዕድሜዋ አርባ ይሁን ሃምሳ ከፊቷ አይነበብም። ባል ይኑራት አይኑራት፣ ወገን ይኑራት አይኑራት፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔም ከ"እንደምን ዋሉ" በላይ አነጋግሬያት አላውቅም።

ሳህኑን ከእጁ ወሰድኩና ቅሪቱን ቀመስኩ። ነጭ ነው። ለስላሳ ነው። ቅንጣት ነገር አይታይበትም። አፌ ውስጥ ሲገባ ግን ዝናብ ያባራበት ጫካ ሸተተኝ፤ አፍንጫዬን ወጋ አድርጎ ወደ ጉሮሮዬ ወረደ። ጣዕሙ አለ፣ ባለቤቱ የለም። እኔ የማውቀው ምግብ ካሮቱ ካሮት ነኝ ብሎ፣ ሽንኩርቱም ሽንኩርት ነኝ ብሎ የሚታይበትን ነው። ዱካውን አጥፍቶ የሚመጣ ጣዕም በዕድሜዬ አላጋጠመኝም።

"ምን አለበት?"

"ወተት፣ እንቁላል፣ ስኳር።"

"ሌላስ?"

"እኔ ምን አውቄ እታለም" ብሎ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አወረደና የአንዱን ሰዓት ጀርባ ይፈታ ጀመር። ጋሼ ሲዋሽ ሰዓት ይፈታል። ሚስቱም ታውቀው ነበር።

ያን ቀን ከመውረዴ በፊት የዚያችን ሴት በር ቆም ብዬ አሸተትኩ።

በማግስቱ የባርኔጣ ሰፊዋን በር አንኳኳሁ። ከፈተች፣ ግን በሩን በትከሻዋ ሞልታ ቆመች። በብብቷ ሥር አጮልቄ አየሁ። መደርደሪያው ላይ ራሰ በራ የእንጨት ራሶች ተሰልፈዋል፤ አንዳንዶቹ ያላለቀ ባርኔጣ ደፍተዋል። ማንቆርቆሪያ በእንፋሎት ያፏጫል። ከሁሉ የገረመኝ ትንሿ ምድጃ ጎን የተቀመጠው ድስት ነው፤ እንደ ሽማግሌ እስከ ጆሮው ድረስ ቡናማ ባርኔጣ አጥልቋል።

"ድስቱ ባርኔጣ አድርጓል" አልኳት።

"እንዳይበርደው ነው።"

"ማን?"

"ወተቱ፣ እትዬ።"

"ወተቱ ውስጥ ምን አለ?"

በእኔ ትከሻ ላይ አሻግራ የጋሼን በር አየች። ማየቷን አየሁባት።

"እሳቸውን ይጠይቋቸው" አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ጓ አድርጋ ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ የሚዘጋ በር ኋላ ሚስጥር አለ።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔም ጆሮዬም ሥራ በዛባቸው። በሚቀጥለው ቀን ከሾርባው በኋላ የሄድኩ መስዬ መግቢያው ላይ ካለው የጫማ አሳማሪ ወንበር አጠገብ ቆየሁ። ባርኔጣ ሰፊዋ ወረደች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። የሕንፃው ቆሻሻ መጣያ እዚያው በር ላይ ተቀምጦ ሳለ አልፋው ሄደች። መንገዱን ተሻገረች፣ መድኃኒት ቤቱን አለፈች፣ እስከ ማዶ መታጠፊያው ድረስ ሄዳ እዚያ ጣለችው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ሰው ንጹሕ ነገር ይዞ ቆሻሻ ፍለጋ ሰፈር ያቋርጣል?

ከሄደች በኋላ እንደ ድመት መጣያው ውስጥ እጄን ከተትኩ። ጋዜጣው ሞቅ ያለና እርጥብ ነው። ስፈታው የተቀቀለ ቅጠል አገኘሁ፤ መርፌ መርፌ የሚመስል፣ የጠወለገ፣ ወተት ወተት የሚሸት። ቀጥ ብዬ ወደ አትክልት ሻጩ ሄድኩ። እሱ ለሃያ ዓመት ድንች የመረጠልኝ ሰው ነው፣ አይዋሸኝም።

አሸተተው። አሻሸው። እንደገና አሸተተው።

"የጥብስ ቅጠል ነው እኮ እትዬ" አለ። "ማነው እንዲህ ያሰቃየው? የምን ሥጋ ነበር?"

"ሥጋ የለም። በወተት ነው የፈላው።"

"በምን?"

"በወተት። ከስኳር ጋር።"

ቅጠሉን ከእጁ አራገፈና እጁን በሽርጡ ጠረገ። "በስኳር! እትዬ፣ እኔ የሰው ማጀት ውስጥ አልገባም። ግን ይሄን ጤነኛ ሰው አያደርገውም። ወይ እብድ ነው፣ ወይ የሆነ ነገር መሸፈን የፈለገ ሰው ነው። ይሄ ቅጠል ኃይለኛ ነው፣ ከሥሩ የተቀመጠውን ሁሉ ይሸፍናል።"

ከሥሩ የተቀመጠውን ሁሉ ይሸፍናል። ይህችን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ ይህችን ቃል ይዤ ተኛሁ፣ ይዣት ተነሳሁ።

በሦስተኛው ቀን ደረጃውን ጨርሼ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ የጋሼ በር ውስጥ ድምፅ ሰማሁ።

"ዛሬ አሥር ደቂቃ አቆየሁት" ትላለች ባርኔጣ ሰፊዋ።

"ይበቃል፣ ከዚህ ከበረታ ይመራል" ይላል ጋሼ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አደራ፣ እሷ እንዳትሰማ። ከሰማች አለቀልኝ።"

እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ። ያሳደገኝ ወንድሜ ከእኔ ተደብቆ፣ ከማላውቃት ሴት ጋር ያወራል። ልጆቼ፣ እዚያችው ደረጃ ላይ የሾርባውን ዕቃ ደረቴ ላይ አቅፌ ቁጭ አልኩ። ሴትዮዋ ስትወጣ በእጇ ያለው ሳህን ባዶ ነበር። አየችኝና "እትዬ፣ አሞዎታል?" አለች። "አይ፣ ጫማዬ ነው" አልኳት።

ስገባ ጋሼ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። አፉ ከፈት፣ እጁ ጭኑ ላይ። ከምሳ በኋላ ተኝቶ የማያውቅ ሰው! ጠረጴዛው ላይ ያሉትን የሰዓት ዕቃ ማስቀመጫ ቆርቆሮዎች አንድ በአንድ መክፈት ጀመርኩ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም፣ ግን እየፈለግሁ ነበር። በአንዱ ብሎን፣ በአንዱ የሰዓት መስተዋት፣ በአንዱ ሰንሰለት። በስተመጨረሻ ከታች ያለውን ቢጫ ቆርቆሮ ስከፍት ኪኒን ሆነብኝ። የልቡ ኪኒን። ቆጠርኩት፤ አርባ ሦስት ፍሬ። አርባ ሦስት ቀን ያልተዋጠ መድኃኒት።

በቃ፣ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ይቺ ሴት የሐኪሙን መድኃኒት አስተውታ በቅጠል ልታክመው ነው። ወይም ልታክመው አይደለም።

ቆርቆሮውን እየነቀነቅሁ ቀሰቀስኩት። "ይሄ ምንድነው?"

ፊቱ አመድ መሰለ። "እታለም፣ ቀስ በይ..."

"ማነው ተው ያለህ? ስሟን ጥራ!"

እጁ ወደ አንድ ሰዓት ሄደ፤ ሰዓቱን ነጠቅሁት። ጩኸቴን ሰምታ ባርኔጣ ሰፊዋ በሩ ላይ መጣች። መርፌ እንዳይወጋት ጣቷ ላይ የምታጠልቀውን የብረት ቆብ እንዳደረገች ነበረች።

"አንቺ ነሽ" አልኳት። "ቅጠልሽን ሰፈር ማዶ የምትጥዪበት ምክንያት ይሄ ነው? እኔ ሳልሰማ የምትዶልቱት ይሄ ነው? ይሄን ሰው ልትቀብሪው ነው?"

ጋሼን ብቻ አየችው። ለረጅም ጊዜ ነበር ያየችው፤ የሆነ ነገር ከእሱ አፍ እስኪወጣ እየጠበቀች። ጋሼ ወለሉን አየ። ወለሉ ላይ ምንም አልነበረም።

"እሺ" አለች። ገብታ ባዶ ማንኪያዋን ከጠረጴዛው አንስታ ወጣች። "ከእንግዲህ ይህን በር እንዳታንኳኪ!" ብዬ ከኋላዋ ጮህኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን ቤተሰቤን ከእሳት ያወጣሁ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑን በራሴ እጅ መስጠት ያዝኩ። ከሾርባው በኋላ መዳፉ ላይ አኖራለሁ፣ ውሃ እሰጠዋለሁ፣ ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል፣ ጉሮሮው ይንቀሳቀሳል። "ዋጥክ?" "ዋጥኩ።" ልቤ ያርፋል። ሾርባውን ግን አይነካም። ጉንጩ ገባ፣ ሰዓቶቹም ጠረጴዛው ላይ ተፈትተው ይከርማሉ። ባርኔጣ ሰፊዋ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ ግድግዳውን ይዛ ታሳልፈኛለች፤ እኔም አንገቴን አቅንቼ አልፋለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ከላይ ሰው ሲቃትት ሰማሁ። ወጣሁ አልላችሁም፣ በረርኩ። ጋሼ መተላለፊያው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ እግሩ አብጦ ጫማው አልገባለት ብሎ ባዶ እግሩን ነው። ባርኔጣ ሰፊዋ አጠገቡ ተንበርክካ ሸሚዙን ፈታ፣ በባርኔጣ ታናፍሰዋለች። እኔስ የመጀመሪያ ቃሌ ምን ቢሆን ጥሩ ነው?

"ምን አደረግሽው?"

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "እትዬ፣ ወርደው ታክሲ ይጥሩ። እኔ አወርዳቸዋለሁ።"

አወረደችው። ሃምሳ አራቱን ደረጃ፣ ከታችኛው ፎቅ ቀለም ቀቢ ጋር ተጋግዛ፣ በዚያ በቀጭን ክንዷ። ታክሲው በር ላይ ግን እጇን ለቀቀችና "እርስዎ ይሂዱ" አለችኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን ቀልድ አያውቅም። "እናቴ፣ መድኃኒቱን ይወስዳሉ?"

"በእጄ ነው የምሰጠው! በዓይኔ ነው የማየው!"

"ልባቸው እንደዚያ አይልም" አለ።

ጋሼን አየሁት። አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ አፍንጫው ላይ ቱቦ ተደርጎ፣ ጣሪያ ያያል። ሰዓት አጠገቡ የለም፤ የሚፈታው ነገር አጣ።

"ምላሴ ሥር ነበር የማስቀምጠው" አለ። "ስትወጪ እተፋዋለሁ። ትራሴ ውስጥ አለ።"

"ለምን? ጋሼ፣ ለምን?"

"ከዋጥኩት አፌ ምስማር ይሆናል። ዝገት የላስኩ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ። ውሃው ዝገት፣ ዳቦው ዝገት..." ወደ እኔ ዞረና "ሾርባሽም" አለ።

"ሾርባዬ?"

"የዛገ ባልዲ ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ነው የሚመስለኝ እታለም። አንቺ በዚያ ጉልበትሽ ደረጃውን ወጥተሽ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ዓይን ዓይኔን ስታዪ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ኪኒኑን ብተው ይሻላል አልኩ። ተውኩት።"

ቆርቆሮው ውስጥ ያገኘኋቸው አርባ ሦስቱ ኪኒኖች የዚያን ጊዜ ናቸው፤ ሴትዮዋ አንዲት ማንኪያ ከማብላቷ በፊት። አንድ ቀን መተላለፊያው ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ኪኒን ሲተፋ ደረሰችበት። አልጮኸችበትም፣ አልመከረችውም። "የትኛው ጣዕም ነው እስካሁን የሚሰማዎት?" ብላ ጠየቀችው። "የጥርስ ሳሙና ብቻ ናት ዝገቱን የምታልፈው" ሲል መለሰላት። ሴትዮዋ አሰበች። ሳሙናው ውስጥ ያለው ናና ነው። በማግስቱ ናና በትኩስ ወተት ዘፍዝፋ፣ ቅጠሉን አጥልላ፣ ፑዲንግ ሠርታ መጣች። ትንሽ ተሰማው። ከዚያ በሶብላ ሞከረች፣ ከዚያ ጦስኝ፣ ከዚያ የጥብስ ቅጠል። ቅጠሉን ራሱን ቢያኝክ አፉን ያቃጥለዋል፤ ወተቱ ግን ኃይሉን ወስዶ ቁጣውን ይተዋል። ስምምነታቸው አንድ ነበር። ኪኒኑን ፊቷ ይውጣል፣ ከዚያ ሳህኑን ትሰጠዋለች። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን አላጓደለም። የልቡን መድኃኒት ያስዋጠችው እሷ ነበረች። ያስተውኩት እኔ ነኝ።

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ? ፊቷ ላይ ስጮህ?"

"ከተናገርኩ ስለ ሾርባው ልትጠይቂኝ ነው።"

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ቆሞ ሰማ። "እንዲህ የሚያደርጋቸው ሰዎች አሉ" አለ። "ለምን አልነገራችሁኝም? ይቺ ኪኒን ለልባቸው ተስማምታለች፤ ከሦስት ወር በኋላ አይተን ልንለውጥ እንችላለን። እስከዚያ ግን መዋጥ አለባት። ቅጠሉ ወጥ ውስጥ ከሚገባው ዓይነት ከሆነና ልክ ካለው እኔ አልከለክልም። ከኪኒኑ ጋር እንጂ በኪኒኑ ፋንታ አይደለም።"

ጋሼ ሐኪም ቤት አምስት ቀን ተኛ። በመጀመሪያው ቀን ማታ ሳልል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የባርኔጣ ሰፊዋን በር አንኳኳሁ።

"ምን ፈለጉ እትዬ?"

"ይቅርታ።"

ጠበቀች። ሌላ ነገር ያለ መሰላት። እውነቷን ነው፣ ነበረ።

"እንዴት እንደሚሠራ እንድታሳዪኝም።"

ሳቋ መጣባት፣ ግን ከለከለችው። "ተጠራጥረው ቆሻሻ መጣያ የፈተሹት እርስዎ ነዎት አይደል? ጋዜጣው ተፈትቶ አገኘሁት።"

"እኔ ነኝ። አንቺስ ለምን ማዶ ትጥያለሽ?"

"እሳቸው ናቸው እዚህ እንዳትጥዪ ያሉኝ። 'እህቴ አፍንጫዋ እንደ ውሻ ነው' ብለው።" ከበሩ ፈቀቅ አለች። "አሳይዎታለሁ። እዚያ ክፍል ግን አልገባም። እርስዎ ስለጮሁብኝ አይደለም። እርስዎ አያውቁም ነበር። እሳቸው ግን እያወቁ ወለል አዩ።"

ትምህርቱ ቀላል አልነበረም። እኔ እሳት የማውቀው በሰዓት ነው፤ አጥንት ጥለህ፣ ሥራህን ሠርተህ፣ ስትመለስ የሚጠብቅህ እሳት። በመጀመሪያው ቀን ቅጠሉን ወተቱ ውስጥ ጥዬ ግማሽ ሰዓት አፈላሁት። ወተቱ አረንጓዴ ሆነ፣ መረረ፣ ተቋጠረ።

"እትዬ፣ ይሄ አጥንት አይደለም" አለች። "ቅጠል ነው። ቸኩሎ ይሰጣል፣ ቸኩሎ ይቆጣል።"

ወተቱ ዳር ዳሩ አረፋ መያዝ ሲጀምር ይወርዳል። ትኩስ ቅጠሉን፣ ደረቁን አይደለም፣ በሁለት መዳፍ መካከል አንዴ አጨብጭበሽ ትለቂዋለሽ። ትከድኛለሽ፣ ሽታው ሾልኮ እንዳይሄድ ባርኔጣውን ታጠልቂለታለሽ። ከዚያ አትሄጂም። በየሁለት ደቂቃው ገለጥ አድርገሽ ታሸቻለሽ። ሽታው ከቅጠልነት ወደ መድኃኒትነት ሊዞር ሲል፣ ከመዞሩ በፊት፣ ቅጠሉን አጥልለሽ ታወጫለሽ። እንቁላሉና ስኳሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ በለሰለሰ እሳት፣ ማንኪያውን እስኪያለብስ። ሦስት ድስት አበላሸሁባት። በአራተኛው ቀን ቀመሰችና "ይሄ ይበላል" አለች። ከእሷ አፍ ይሄ ብዙ ነው።

ጋሼ ቤቱ የገባ ቀን ፑዲንጉን ቤቴ ሠርቼ፣ አቀዝቅዤ፣ በክዳን ዕቃ ይዤ ወጣሁ። ባርኔጣ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ ባርኔጣ ትቦርሻለች። ያ ባርኔጣ መቦረሽ የሚያስፈልገው አልነበረም።

"ይክፈቱት" አለችኝ።

ከፈትኩ። ጎንበስ ብላ አሸተተች። ግንባሯ ተቋጠረ።

"ቅጠሉን ከየት አመጡት?"

"ከአትክልት ሻጩ።"

"መቼ የተቆረጠ?"

"ዛሬ ጠዋት ነው ያለኝ።"

"ነው ያለዎት፣ ወይስ ነው? ታጥቧል?"

"ሦስት ጊዜ!"

"ስንት ደቂቃ ቆየ?"

"ስምንት።"

ዓይኔን አየችኝ። "ይቅመሱት።"

"እኔ?"

"እርስዎ። እዚሁ።"

ማንኪያ አውጥታ ሰጠችኝ። ቀመስኩ። ጉሮሮዬን እያየች እስክውጥ ጠበቀች። ደሜ ፈላ። ያን ያህል ዓመት ሦስት መቶ ልጅ ያበላሁ ሴትዮ፣ እንደ ሌባ ቆሜ! አፌን ልከፍት ስል ግን፣ ምን ብዬ? ዋጥኩት፣ ፑዲንጉንም ቃሉንም።

"ኪኒኑን ውጬዋለሁ እኮ!" ሲል ጋሼ ከውስጥ ጮኸ። "አፌ ውስጥ ምስማር ቤት ተከፍቷል፣ እናንተ ምን ትዶልታላችሁ?"

"መዋጣቸውን ማን አየ?" አለች ባርኔጣ ሰፊዋ።

እኔ አላየሁም። እሷም አላየችም። ተያየን።

እስከ በሩ መጣች፣ መድረኩ ላይ ግን እግሯ ቆመ። ጋሼ አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። አያት። ዓይኑ ወደ ጠረጴዛው ሊሸሽ ሲል መለሰው።

"ያን ቀን ወለሉን ያየሁት ፈርቼ ነው" አለ። "ሾርባዋን እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ፣ አንቺን ሸጥኩሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እህቴ ፊት ነው የምልሽ። ግቢ።"

ቶሎ አልገባችም። አንገቱን፣ እጁን፣ የተሸፈነውን እግሩን አንድ በአንድ አየች፤ የሚያምን ሰው አስተያየት አልነበረም። ከዚያ መድረኩን ተሻግራ አልጋው ጎን ቆመች።

"አፍዎን ይክፈቱ።"

"ዋጥኩ አልኩ እኮ!"

"ይክፈቱ። ምላስዎን ያንሱ። ወደ ግራ። ወደ ቀኝ። እትዬ፣ ትራሱን ይዩልኝ።"

ትራሱን አነሳሁ። ጨመቅሁት። ምንም የለም። ብርድ ልብሱን አራገፈችው፣ ከሥሩም ምንም የለም።

"ይስጧቸው" አለች።

ጋሼ የመጀመሪያውን ማንኪያ አፉ ውስጥ ያዘ። ዓይኑን ጨፈነ። ትከሻው ቀስ እያለ ወረደ።

"ይሰማኛል" አለ። ቆይቶ ደግሞ "ትንሽ ግን መረር ብላለች" አለ።

ባርኔጣ ሰፊዋ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"ስምንት አልነበረም፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የቆየው" አልኩ።